እህቴ ውጭ አገር ክለብ ልትጫወት ነው፣ ኮንትራቱ ላይ ምን እንይ?

ታላቅ ወንድም፦
ሰላም ለሁላችሁ። ታናሽ እህቴ ቅርጫት ኳስ ተጫዋች ናት፣ 22 ዓመቷ ነው፣ ጋርድ ነው የምትጫወተው። ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ ቤት ተቀምጣ ሳለ አንድ ኤጀንት ከአውሮፓ የሁለተኛ ዲቪዚዮን ክለብ ኮንትራት አመጣላት። ሰባት ወር ነው። ቤት ይሰጧታል፣ የደርሶ መልስ ቲኬት አለ፣ ደሞዙ ትልቅ አይደለም ግን ከምንም ይሻላል። እሷ በሐሳቧ ሄዳለች፣ ሻንጣው ብቻ ነው የቀረው። እኔ ስለ ኳሱ ብዙ አላውቅም። ወረቀቱን ሳየው ግን ግማሹ ስለ ቅጣት ነው የሚያወራው፣ አርፍዳ ብትመጣ ይህን ያህል፣ ልምምድ ብትቀር ይህን ያህል። ሴት ባስኬት ተጫዋች በዚህ ሥራ እውነት ትኖርበታለች? ወይስ ዓመቷን አቃጥላ ትመለሳለች?

ሦስት ነጥብ፦
ትሂድ እንጂ ምን ትጠብቃለች! የትልልቆቹም ኑሮ እኮ ይኸው ነው። የአሜሪካው የሴቶች ቅርጫት ኳስ ሊግ ደብሊውኤንቢኤ ከግንቦት እስከ መስከረም ገደማ ነው የሚጫወተው፣ ከዚያ ብዙዎቹ ሻንጣቸውን ይዘው ቱርክ፣ ቻይና፣ አውስትራሊያ ይሄዱ ነበር። ዋናው ገንዘብም እዚያ ነበር። አሜሪካዊቷን ኮከብ ዳያና ቶራሲን ውሰድ፣ በ2015 (ሁሉም ዓመት በፈረንጅ ነው) የሩሲያው ኤካተሪንበርግ ክለብ እረፊልን ብሎ ከፍሏት የአሜሪካውን ሲዝን ሙሉ ሳትጫወት ቀረች። ያኔ የተዘገበው ደሞዝ 1.5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው፣ አገሯ የምታገኘው 110 ሺህ እንኳ አይሞላም ነበር። እህትህ ቶራሲ አይደለችም፣ ገባኝ። ግን መጀመሪያ ሳይረግጡ ከፍ አይባልም።

የድሮ ፖይንት ጋርድ፦
እኔ አራት ሲዝን በሦስት አገር ተጫውቻለሁ። ወንድሜ፣ ስንት ይከፍላሉ የሚለውን ለጊዜው ተወው፣ መቼ ይከፍላሉ የሚለውን እይ።

የመጀመሪያው ክለቤ (ስሙ ይቅር) ሁለት ወር በሰዓቱ ከፈለኝ። ሦስተኛው ዘገየ። ስፖንሰሩ ነገ ይልካል፣ ሰኞ ነው፣ ባንኩ ነው፣ እያሉ አምስተኛው ወር ገባ። ያኔ ሁለት ጨዋታ ተከታትለን ተሸነፍንና ፎርምሽ ወርዷል ብለው በሌላ ተኩኝ። በብዙ ሊግ የውጭ ተጫዋች ቦታ በኮታ ነው፣ ስለዚህ ክለብ ሲሸነፍ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚቀየረው የውጭዋ ናት። የኔ ጥፋት ምን መሰለህ፣ ኮንትራቴ ላይ ዋስትና ያለው ነው የሚል ቃል አልነበረም፣ እኔም አልጠየቅኩም። ጉዳት ሲደርስብሽ ወይም በብቃት ምክንያት ስትቀነሺ ቀሪው ደሞዝ ይከፈላል የሚል በግልጽ መጻፍ አለበት።

ሌላው፣ ክርክር ቢነሳ ማን ይዳኛል? የዓለም ቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን ፊባ በ2007 ያቋቋመው የግልግል ዳኝነት አለ፣ ባት ይሉታል፣ መቀመጫው ጄኔቫ ነው። አብዛኛው ነገር በጽሑፍ ያልቃል፣ አገር ለአገር መዞር የለም። ክለቡ ውሳኔውን ካልፈጸመ ፊባ አዲስ ተጫዋች እንዳያስመዘግብ ሊያግደው ይችላል፣ እሱን ነው የሚፈሩት። ክፍያ አለው፣ በነጻ አይደለም። እና ደግሞ ባት የሚያየው ኮንትራቱ ላይ ስሙ ከተጻፈ ነው፣ ካልተጻፈ ቋንቋውን በማታውቀው ከተማ ጠበቃ ስትፈልግ ልትከርም ነው።

ደሞዙ ከታክስ በፊት ነው በኋላ? ይህንንም ጠይቅ። እኔ በዚህም ተበልቻለሁ፣ ግን ታሪኩ ረጅም ነው።

ተረከዝ፦
ሦስት ነጥብ፣ የቶራሲን ታሪክ በግማሹ ነው የነገርከን። ክለቡ ለማረፍ የከፈላት እኮ ዓመቱን ሙሉ መጫወት ሰው ስለሚሰብር ነው። ብሬና ስቱዋርት የ2018 የደብሊውኤንቢኤ ኮከብ ተጫዋች ነበረች። በሚያዝያ 2019 ሀንጋሪ ሾፕሮን ላይ በአውሮፓ ክለቦች ውድድር በዩሮሊግ ፍጻሜ የተረከዝ ጅማቷ ተበጠሰ፣ የአሜሪካው ሲዝን እንዳለ አመለጣት። ኋላ እሷና ናፊሳ ኮሊየር አንራይቫልድ የሚባለውን የሦስት ለሦስት ሊግ አቋቁመው በ2025 መጀመሪያ ማያሚ ላይ ያስጀመሩት፣ ተጫዋቾች በእረፍት ወራት እዚያው አገራቸው ሆነው ገንዘብ እንዲያገኙ ነው። ሩሲያ ክለብ ትጫወት የነበረችውን የአሜሪካዊቷን የብሪትኒ ግራይነርን ደግሞ ሁላችንም እናውቃለን፣ በየካቲት 2022 ሞስኮ ኤርፖርት ተይዛ የወጣችው ዓመቱ ሊያልቅ ሲል በእስረኛ ልውውጥ ነው።

አትሂድ አላልኩም። ግን የሕክምና ኢንሹራንሱ ጉልበት ቢጎዳ ኦፕራሲዮንንና ከዚያ በኋላ ያለውን ማገገሚያ ይሸፍናል ወይ? ኮንትራቱ ሲያልቅስ? ሰባት ወር ተብሎ በስድስተኛው ወር ጉልበቷ ቢሄድ ማን ነው የሚያሳክማት?

ታላቅ ወንድም፦
እግዜር ይስጣችሁ። አሁን ደግሜ አነበብኩት። ባት የሚል የለም፣ በክለቡ ከተማ ፍርድ ቤት ይላል። ዋስትና የሚል ቃልም አጣሁ። ለኤጀንቱ ስነግረው ይህ የተለመደ ፎርም ነው፣ እስከ አርብ ካልፈረመች ሌላ ልጅ አለች አለኝ።

የድሮ ፖይንት ጋርድ፦
ሁሌም ሌላ ልጅ አለች፣ ሁሌም አርብ ነው 😂 የፊባ ፈቃድ እንዳለው ጠይቀው፣ ኮሚሽኑን የሚከፍለው ማን እንደሆነም ጠይቀው። በብዛት ክለቡ ነው የሚከፍለው፣ ከሷ ደሞዝ እቆርጣለሁ ካለ ስንት እንደሆነ ይጻፍ። ከሁሉም በፊት ግን ባለፈው ዓመት እዚያ ክለብ የተጫወተችውን የውጭ ልጅ ፈልጋችሁ አውሯት። ስማቸው ከነፎቷቸው ሊጉ ገጽ ላይ አለ።

ሦስት ነጥብ፦
እሺ ይህን እኔም አላውቅም ነበር።

ታላቅ ወንድም፦
እህቴ ልጅቷን ኢንስታግራም ላይ አገኘቻት፣ ማታውኑ መለሰችላት። ቤቱ ጥሩ ነው፣ አሰልጣኟም ጎበዝ ናት፣ ብዙ ታጫውትሻለች አለቻት። ከዚያ የመጨረሻውን ሁለት ወር ደሞዜን ግን እስካሁን እየጠበቅኩ ነው አለች። እህቴ አሁን ለኤጀንቱ እየጻፈችለት ነው፣ ባትና ዋስትናው ካልገባ አልፈርምም ብላ። አርብ ሲደርስ የሚሆነውን እነግራችኋለሁ።