በከፍታ ቦታ ለሚነዳ ትንሽ ጀልባ የሞተር መጠን እንዴት ይመረጣል?

ጥያቄ (ከቱሉ ዲምቱ)

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ሲሆን ገላን በሚገኝ የብየዳ ቤት ለቤተሰብ መዝናኛ የምትሆን የአልሙኒየም ጀልባ እያሠራሁ ነው። ርዝመቷ 4.3 ሜትር፣ መሐሏ ላይ ያለው ስፋት 1.6 ሜትር፣ ሞተሩ የሚሰቀልበት የኋላ ሳንቃ ስፋት ደግሞ 1.4 ሜትር ነው። ወለሏ ጠፍጣፋ ነው፤ የኋላ ሳንቃዋ ቁመት ወደ 40 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። የሚሾፈርላት በሞተሩ በራሱ እጀታ እንጂ በመሪ አይደለም። ፈቃዱን ከጨረስኩ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ ቢሾፍቱ፣ አልፎ አልፎም ቆቃ ልወስዳት አስቤአለሁ፤ ተሳፋሪው ልጆችን ጨምሮ ስድስት ሰው ነው።

ሞተር ያሳየኝ ነጋዴ ቢሾፍቱ ከፍታ ላይ ስለሆነች ሞተሩ ጉልበት እንደሚያጣ፣ ስለዚህም 40 የፈረስ ጉልበት ያለውን መግዛት እንዳለብኝ ነገረኝ። የብየዳው ባለሙያ ግን የኋላ ሳንቃው ያን ያህል አይችልም ብሎ ስጋቱን ገልጾልኛል። ልጆቼን የማሳፍርበት ነገር ስለሆነ በግምት መወሰን አልፈለግሁም። መጠኑ በምን ይሰላል? የከፍታውስ ነገር እንዴት ይታያል?

መልስ (ከአቃቂ፣ የሞተር ጥገና ባለሙያ)

ጠያቂው ልኬቱን አሟልተው ስላቀረቡ አመሰግናለሁ፤ ብዙ ሰው የሚጠይቀው ስለ ሞተሩ ብቻ ነው፣ ልኩን የምትወስነው ግን ጀልባዋ ነች።

በፋብሪካ የተሠራ ጀልባ ብዙውን ጊዜ ከፍተኛውን የሞተር ጉልበት፣ የሰው ብዛትና ጠቅላላ ክብደት የሚገልጽ ትንሽ ብረት ተለጥፎበት ይመጣል። እንደ እርስዎ በብየዳ ቤት የተሠራ ጀልባ ይህ ስለሌለው፣ የአሜሪካ የባሕር ጠረፍ ጥበቃ ከ20 ጫማ በታች ለሆኑ ጀልባዎች ያወጣውን ስሌት መጠቀም ይቻላል። ርዝመቱንና የኋላ ሳንቃውን ስፋት ወደ ጫማ ለውጠን እናባዛለን፤ የእርስዎ 14.1 በ4.6 ሲባዛ ወደ 65 ይመጣል። በእጅ የሚሾፈር ጠፍጣፋ ወለል ላለው ጀልባ የዚህ ቁጥር ግማሽ ተወስዶ 15 ይቀነስለታል፤ ውጤቱ 17.5 ሲሆን፣ ስሌቱ ወደሚቀጥለው የ5 ብዜት ከፍ ማድረግን ስለሚፈቅድ ጣሪያው 20 የፈረስ ጉልበት ነው። ወለሏ በቪ ቅርጽ የተሠራ ቢሆን ኖሮ ቁጥሩ በ0.8 ተባዝቶ 25 ስለሚቀነስለት እስከ 30 ይደርስ ነበር። ከሁለቱም በየትኛውም መንገድ 40 አይወጣም።

አሁን ወደ ከፍታው ልምጣ። ነጋዴው ጉልበት ይቀንሳል ማለቱ እውነት ነው፤ መፍትሔ ብሎ ያቀረበው ግን አደገኛ ነው። ቱርቦ (አየር አጭቆ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው የቤንዚን ሞተር አየሩ ስለሚሳሳበት በየ300 ሜትሩ ከፍታ ወደ 3 በመቶ ያህል ጉልበቱን ያጣል። ቢሾፍቱ ወደ 1,900 ሜትር ከፍታ ላይ ስላለች ኪሳራው 19 በመቶ ገደማ ይሆናል፤ 20 የነበረው 16 ሆኖ ይሠራል ማለት ነው። ነገር ግን የጀልባው ጣሪያ የተቀመጠው ለግፊቱ ብቻ ሳይሆን ለክብደቱም ጭምር ነው፣ ክብደት ደግሞ በከፍታ አይቀንስም። ባለ 20 ሞተር ወደ 50 ኪሎ ይመዝናል፤ ባለ 40ው ከዚያ እጅግ ይከብዳል፤ ያም ሸክም ሁሉ የሚያርፈው ከውኃው 40 ሴንቲ ሜትር እንኳ በማይርቀው የጀልባዋ ጠርዝ ላይ ነው።

አደጋው እንዴት እንደሚፈጠር ላስረዳ። በፍጥነት ሲሄድ የነበረ ጀልባ ጋዙ ድንገት ሲለቀቅበት ይቀንሳል፤ ከኋላው ሲከተለው የነበረው ማዕበል ግን አይቀንስምና ደርሶበት ኋላው ከከበደ በሳንቃው ላይ አልፎ ወደ ውስጥ ይገባል። ሰው ሁሉ ከኋላ ተቀምጦ ከሆነ ሁለተኛው ማዕበል ሳይመጣ ውኃው ከጀልባዋ ጠርዝ ጋር እኩል ሊሆን ይችላል። በሌላ በኩል ከልኩ በላይ የሆነ ሞተር በሹል መታጠፊያ ላይ ሰው ከጀልባው ይወረውራል። ሾፌሩ የወደቀ እንደሆነ ደግሞ በእጀታ የሚሾፈረው ሞተር ራሱን ወደ አንድ ጎን ጠምዝዞ ጀልባዋ በክብ እየዞረች ወደ ወደቀው ሰው ትመለሳለች፣ ፕሮፔለሩ እየሠራ። ስለዚህ ከሾፌሩ ጋር የሚታሰረው ሞተር ማጥፊያ ገመድ አንድም ጊዜ ሊዘነጋ አይገባም፤ 20ም ይሁን 5 የፈረስ ጉልበት ለውጥ የለውም።

ስድስት ሰው ያሉትን ግን ልቀበለው አልችልም። ለዚህ መጠን የተለመደው ስሌት ርዝመትን በትልቁ ስፋት በጫማ አባዝቶ ለ15 ማካፈል ነው። የእርስዎ 4.9 ይመጣል፤ ሰው ስለማይከፈል ወደ ታች ይያዛል፣ አራት ነው። ልጆች ቀላል ስለሆኑ ይካካሳል የሚል ሐሳብ አይግባዎት፤ ልጆች ሲነቃነቁ ከአዋቂ በላይ ሚዛን ያዛባሉ።

ሌላው የሞተሩ እግር፣ ማለትም ወደ ውኃው የሚወርደው ክፍሉ፣ ርዝመት ነው። የኋላ ሳንቃዎ 40 ሴንቲ ሜትር ከሆነ የሚስማማው አጭር እግር ያለው ሞተር ነው (ባለ 15 ኢንች የሚባለው፣ 38 ሴንቲ ሜትር ገደማ)። ባለ 20 ኢንቹ እዚያ ላይ ቢሰቀል እግሩ ከልኩ በላይ ይጠልቅና ጀልባዋን ይጎትታል። ከፕሮፔለሩ በላይ ያለው ጠፍጣፋ ክንፍ ከጀልባዋ ወለል ጋር እኩል ወይም ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ያለ መሆን አለበት።

መልስ (ከለቡ፣ ጣና ላይ ጀልባ ሲነዳ የነበረ)

ከላይ በተሰጠው ስሌት ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ፤ ሐይቁን የሚመለከቱ ጥቂት ነገሮችን ብቻ ልጨምር።

ሰው ትልቅ ሞተር የሚፈልገው ብዙ ጊዜ ፍጥነት ስለሚያምረው ነው፤ ለቤተሰብ ሽርሽር ግን ፍጥነት የሚያስፈልገው ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣ በሰላም ለመመለስ ብቻ ነው። ጀልባዋ በውኃው ላይ ሳትነሣ፣ ውኃውን እየሰነጠቀች ስትሄድ 4 ሜትር ያህል ርዝመት ይዛ የምትደርስበት ፍጥነት በሰዓት 9 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከዚያ በላይ ለመሄድ ወደ ውኃው ፊት መውጣት ይኖርባታል፤ ለዚህም በልምድ እያንዳንዱ የፈረስ ጉልበት ከ20 ኪሎ ብዙም ያልበለጠ ክብደት መሸከም አለበት። አራት ሰው፣ ሞተሩ፣ ቤንዚኑና ጀልባዋ ተደምረው ወደ 500 ኪሎ ሲሆኑ በ16 የፈረስ ጉልበት አትነሣም፤ ሁለት ሰው ሲሆን ልትነሣ ትችላለች። እኔ በዚህ ውስጥ ጉድለት አላይም፤ ልጆች ያሉበት ጀልባ በዝግታ ቢሄድ መልካም ነው።

የቢሾፍቱ ሐይቆች በእሳተ ገሞራ የተፈጠሩ በመሆናቸው ከዳር ጥቂት እንደራቁ ይጠልቃሉ፤ በእግር እቆማለሁ ብሎ መዘናጋት አይቻልም። ተሳፋሪው ሁሉ ገና ከዳር ሳይነሣ የሕይወት አድን ጃኬት መልበስ አለበት፣ ለልጆችም በልካቸው የተሠራው ይፈለግ። ቆቃ ደግሞ ጉማሬና አዞ አለበት፤ በኢትዮጵያ እምቦጭ ቀድሞ ከታየባቸው ቦታዎችም አንዱ ነው። እምቦጩ ፕሮፔለሩ ላይ ሲጠመጠም ሞተሩን ያስጨንቃል፣ የማቀዝቀዣ ውኃ የሚገባበትን ወንፊት ሲደፍን ደግሞ ያግለዋል። ከሞተሩ ጎን በቀጭኑ የሚፈሰው ውኃ ከተቋረጠ ወዲያው አጥፍተው እግሩን አንሥተው ያጽዱ። ስለዚህ ሁለት መቅዘፊያ ሁልጊዜ ይኑርዎት።

ለገዳዲን ወይም ገፈርሳን ቅርብ ናቸው ብሎ የሚያስብ ካለ ደግሞ፣ እነዚህ አዲስ አበባ የምትጠጣው ውኃ የሚጠራቀምባቸው ናቸውና ቤንዚንና ዘይት ይዞ መሄድን ከናካቴው ያስወግድ።

ጠያቂው

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ፤ ተሳፋሪውን ወደ አራት ዝቅ አድርጌአለሁ። በዝግታ መሄድ በቂ ከሆነ በባትሪ የሚሠራው ሞተርስ? ሁለተኛው ጥያቄዬ፣ ባለ 20ውን ብገዛ የጠፋውን ጉልበት ማካካሻ መንገድ አለ?

መልስ (ከአቃቂ፣ የሞተር ጥገና ባለሙያ)

የኤሌክትሪክ ሞተር አየር ስለማይስብ ከፍታ ጉልበቱን አይነካበትም፤ ይህ ለእኛ አገር ትልቅ ብልጫ ነው። መጠኑ የሚነገረው በፓውንድ ግፊት ሲሆን ለ500 ኪሎ ጭነት ቢያንስ 22 ፓውንድ ይፈልጋል፤ ነፋስ ስለሚኖር ግን እኔ ባለ 55ቱን እመርጥልዎታለሁ። ይህ ሞተር ሙሉ ጋዝ ሲሰጠው 50 አምፔር ያህል ይወስዳል። የሊድ አሲድ ባትሪን ከግማሽ በታች ማውረድ ዕድሜውን ስለሚያሳጥር 100 አምፔር ሰዓት ያለው ባትሪ በሙሉ ኃይል አንድ ሰዓት ያህል ብቻ ይሠራል። ለቢሾፍቱው ባቦጋያ ሐይቅ ይበቃል፤ ሰፊና ነፋሻ በሆነው ቆቃ ላይ ግን በእሱ ብቻ አልተማመንም።

ለሁለተኛው ጥያቄ፣ ማካካሻው ያለው ፕሮፔለሩ ላይ ነው። ጀልባዋን አራት ሰው ጭነው ሙሉ ጋዝ ሲሰጡ የሞተሩን ዙር በመለኪያ ይመልከቱ። ፋብሪካው በመመሪያው ላይ ከጻፈው ክልል በታች ከሆነ ሞተሩ እየታፈነ ነው ማለት ነው፤ ለምሳሌ ከ5,000 እስከ 6,000 ተብሎ 4,600 ላይ ቢቆም እንደዚያ ነው። የፕሮፔለሩ ፒች (በአንድ ዙር ወደ ፊት ሊገፋ የሚችለው ርቀት) አንድ ኢንች ሲቀነስ ዙሩ በደቂቃ 200 ያህል ይጨምራል፤ በምሳሌው ሁለት ወይም ሦስት ኢንች ዝቅ ያለ ያስፈልጋል። የጠፋውን ጉልበት አይመልስም፣ የቀረውን ግን በሙሉ እንዲሠራ ያደርገዋል። ካርቡሬተር ያለው ሞተር ከሆነ ቤንዚኑ ለአየሩ ስለሚበዛበት ጄቱ (ቤንዚኑ የሚያልፍበት ቀዳዳ ያለው ክፍል) ቀዳዳው በጠበበ መለወጥ አለበት፤ በኢንጀክሽን የሚሠራው ራሱ ያስተካክላል።

አብሮት የመጣውን ፕሮፔለር አይጣሉት። አንድ ቀን ጀልባዋን ወደ ቆላ፣ ለምሳሌ ጋምቤላ ባሮ ላይ ቢወስዷት በትንሹ ፒች ዙሩ ከክልሉ አልፎ ሞተሩን ይጎዳዋልና፣ ወደ ውኃ ከመግባትዎ በፊት መልሰው ይግጠሙት፤ የተለወጠ ጄት ካለም አብሮ ይመለስ።