የዲሪያ ጨርቅ በስፌት መኪና እየተዋጠ አስቸግሮኛል፤ የልጅ ጉርድ እንዴት ይወጣዋል?

የሳቢያን እናት (ድሬዳዋ)
ሰላም ናችሁ። ሁለት ያረጁ ዲሪያዎች (ስስና ሰፊ የቤት ቀሚሶች) አሉኝ፤ ለስድስት ዓመት ልጄ የቤት ጉርድ ባለላስቲክ ላወጣባቸው ነው። ወገቧ 54፣ ርዝመቱ 36 ሳ.ሜ.። ችግሩ መኪናው ገና ስጀምር ጨርቁን ወደ ታች ይውጠዋል። እንደምንም የተሰፋውም ሳብ ሲደረግ በስፌቱ ዳር ይከፈታል፤ ክሩ ግን አይበጠስም። በዚያው ደግሞ መስከረም ሳይገባ ደብተር ልሸፍን ብዬ፣ የሸፈንኩት ሁሉ ሲዘጋ ይወጠርና ጀርባው ላይ ይቀደዳል። መላ በሉኝ።

ግርግር (ሐረር)
አቦ፣ መኪናውን አትውቀሺው፤ መርፌው ነው። ጀንስ የሰፋ 90 ወይም 100 ቁጥር መርፌ ስስ ጨርቅን ከመውጋት ይልቅ ወደ ታች ይገፋዋል። አዲስ 70 ቁጥር አስገቢ፣ ስፌቱን 2 ሚሊሜትር ላይ አድርጊው። (የእኛን የሐረሩን የሰፊዎች መንገድ መኪና ግርግር ያስባለው የስፌት መኪና ድምፅ ነው፤ ድምፁ ጠቅ ጠቅ ማለት ሲጀምር ሰፊ መጀመሪያ የሚያየው መርፌውን ነው።)

ከጨርቁ ጫፍ አትነሺ። 1 ሳ.ሜ. ገባ ብለሽ ጀምሪ፣ የላይና የታች ክሩን ጭራ ወደኋላ ይዘሽ አራት አምስት ስፌት እስኪሄድ አትልቀቂ። ከሥሩ የደብተር ቅጠል አንጥፊና አብረሽ ስፊው፤ ሲያልቅ በቀስታ ይቀደዳል። ጋዜጣ አይሁን፣ ቀለሙ ይለቃል።

ክሩ ሳይበጠስ የሚከፈተው ድርና ማጉ ስለሚሸሽ ነው። መድኃኒቱ ሁለቴ መስፋት ነው። መጀመሪያ የጨርቁ ፊት ወደ ውጭ እንደሆነ ጀርባ ለጀርባ አጋጥመሽ ከጠርዙ 5 ሚ.ሜ. ገብተሽ ስፊ። ትርፉን 3 ሚ.ሜ. አስቀርተሽ ከርክሚ። ገልብጠሽ ካውያ አድርጊና አሁን ፊት ለፊት አጋጥመሽ 7 ሚ.ሜ. ላይ ድገሚው። ጥሬው ጠርዝ ውስጥ ተዘግቶ ይቀራል። ሳትከረክሚ ከገለበጥሽው ግን ፀጉሩ በፊት በኩል ይወጣል፣ ያስጠላል።

ከዚራ
ግርግር ባለው ላይ አቆራረጡን ልጨምር። ዲሪያውን ወደ ብርሃን አንሺው፤ ብብቱና መቀመጫው ሳስቶ ይታያል፣ እሱን ተዪው። ከታች በኩል ቁረጪ፣ ዘምዘማውም እንዳለ ይቅር፤ የጉርዱ ዘምዘማ እሱ ይሆናል። ሁለት ቁራጭ፣ እያንዳንዱ ወርዱ 57 ቁመቱ 40። ሲገጠም ዙሪያው የወገቧ እጥፍ ያህል ይሆናል፤ ለስስ ጨርቅ ከዚያ ካነሰ አይሽበሸብም።

ካውያ ከመንካቱ በፊት የክር ቁራጭ አቃጥዪ። ወረቀት ወረቀት ሸትቶ አመድ ከሆነ ጥጥ ነው። ቀልጦ ጠጣር እንክብል ከሠራ ሰው ሠራሽ ነው፤ ካውያው በጣም ዝቅ ይበል።

ለላስቲኩ ላዩን 1 ሳ.ሜ. ከዚያ 2.5 እጠፊ፣ ከታችኛው ጠርዝ 2 ሚ.ሜ. ላይ ስፊ፣ ከኋላ 4 ሳ.ሜ. ክፍት ተዪ። ባለ 2 ሳ.ሜ. ላስቲክ 52 ቁረጪ፤ 2ቱ ለመደራረቢያ ነው። በመርፌ ቁልፍ አስገቢ፣ ሌላውን ጫፍ ከጨርቁ ጋር በስፒል ያዥው፣ አለዚያ ተከትሎ ይገባል። ጫፎቹን አትቋጥሪ፤ ደራርበሽ ዙሪያውን አራት ማዕዘን ስፊ። በመጨረሻ ግራና ቀኝ መጋጠሚያው ላይ ላስቲኩን ጨምረሽ ወደ ታች አንድ ስፌት አሳልፊ፤ ይህ ካልተደረገ ከታጠበ በኋላ ውስጥ ለውስጥ ይጠማዘዛል። ከፊራ ገበያ ፀሐይ ላይ የዋለ ላስቲክ ደግሞ አትግዢ፣ ሳቢው፤ ሲመለስ ከረዘመ ሞቷል።

ጁገል
ደብተሩን ገልጠሽ ለክተሽ ነው። ሲዘጋ ወረቀቱ በጀርባው ዙሪያ ስለሚሄድ ያጥረዋል። ዘግተሽ በሜትር ከፊት ጠርዝ በጀርባ ዞረሽ እስከ ኋላ ጠርዝ ለኪ፤ ለግራና ቀኝ ኪስ 6፣ 6 ሳ.ሜ.፣ ለላይና ለታች 3፣ 3 ጨምሪ። መጀመሪያ ላይና ታቹን እጠፊ፣ ከዚያ ኪሶቹን።

ሌላው የወረቀቱ ውል (ጭረቶቹ የተኙበት አቅጣጫ) ነው። በሁለቱም አቅጣጫ በቀስታ እጠፍ እጠፍ አድርጊው፤ በቀላሉ የታዘዘበት የእጥፋት መስመር ከደብተሩ ጀርባ ጋር እኩል ይሂድ። ተቃራኒው ሲታጠፍ ይሰነጠቃል፤ ቅድዱ ከዚያ ይጀምራል።

የዲሪያው ትርፍ ካለ ወረቀቱ ላይ ለጥፊው፣ ዓመቱን ይከርማል። ለሙጫው አንድ ሲኒ የስንዴ ዱቄት በአንድ ሲኒ ቀዝቃዛ ውኃ አሟሚ፣ አራት ሲኒ ጨምረሽ በዝግታ እሳት እያማሰልሽ ነጣነቱ ጠፍቶ ብርሃን እስኪያሳልፍ አብስዪ። ሙጫውን ወረቀቱን እንጂ ጨርቁን አትቀቢ፤ ስስ ስለሆነ በፊቱ ያልፋል። በድሬ ሙቀት በማግስቱ ይኮመጥጣል፣ በረሮም ይወደዋል፤ የዕለቱን ብቻ ሥሪ።

የሳቢያን እናት
ገባኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ታይዋን ገበያ ያገኘሁት ላስቲክ 1 ሳ.ሜ. ብቻ ነው፤ ይሆናል?

ከዚራ
ይሆናል። በ2.5 ፋንታ 1.5 እጠፊ። ሰፊ ቦታ ካገኘ ይገለባበጣል። ቁመቱንም 39 አድርጊው።