የፓዲላ ጉዳይ ለልምምድ ችሎት፦ አቤቱታውን የት ላስገባ?

ማሂ፦ ሰላም ሰዎች። ለልምምድ ችሎት የሆዜ ፓዲላ ጉዳይ ደርሶኛል፣ የእስረኛው ጠበቃ እኔ ነኝ። ሰውየው የአሜሪካ ዜጋ ነው። እ.ኤ.አ. በሜይ 2002 ቺካጎ ኤርፖርት ተይዞ ኒው ዮርክ ታሰረ፤ ጁን ላይ ፕሬዚዳንት ቡሽ «የጠላት ተዋጊ» ብሎ ፈረጀውና ሳውዝ ካሮላይና፣ ቻርልስተን ወዳለው የባሕር ኃይል እስር ቤት ወሰዱት። ክስ የለም። ተጠሪ ማንን ላድርግ? የመከላከያ ሚኒስትሩ ራምስፌልድ አይበቃም?

አቤል፦ ኧረ እንዳትሞክሪው! እውነተኞቹ ጠበቆች የወደቁት እዚችው ጋ ነው። ራምስፌልድን ጠርተው ኒው ዮርክ አመለከቱ፣ ይግባኝ ሰሚው ፈረደላቸው፣ ከዚያ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጁን 28 ቀን 2004 በ5 ለ4 ድምፅ «ቦታው እዚህ አይደለም» ብሎ መለሳቸው። አካልን ነፃ ለማውጣት በሚቀርብ አቤቱታ (እስሩ ሕጋዊ መሆኑን ፍርድ ቤት እንዲመረምር የሚጠየቅበት) ተጠሪ ሆኖ የሚጠራው እስረኛውን በእጁ የያዘው ነው፤ ማለትም የእስር ቤቱ አዛዥ። ስለዚህ ቻርልስተን። ፕሬዚዳንቱ ዜጋን እንዲህ ማሰር ይችላል ወይ የሚለው ዋናው ጥያቄ ሳይነካ ቀረ፣ እኔን የሚያናድደኝ እሱ ነው።

ሰናይት፦ አቤል ልክ ነው፣ ግን ኒው ዮርክ አስገቢ ካሉሽ ባዶ እጅሽን አይደለሽም። ፓዲላን ወደ ቻርልስተን ያዘዋወሩት እሁድ ቀን ነው፣ ለሴት ጠበቃው ሳይነግሩ፤ እሷም በሁለተኛው ቀን አቤቱታ አስገባች። በሐሳብ የተለዩት 4 ዳኞች የያዙት ይህንኑ ነው፦ መንግሥት በድብቅ አዘዋውሮ በቦታ ሊጠቀም አይገባም። እሷን ነጥብ አጥብቀሽ ያዢ።

ጋሽ ተፈራ፦ ልጄ፣ በዚያው ቀን የተወሰነውን የሃምዲን ጉዳይም አንብቢ፤ እሱም «የጠላት ተዋጊ» ተብሎ የታሰረ አሜሪካዊ ዜጋ ነው። ዜጋ የታሰረበትን ምክንያት በገለልተኛ አካል ፊት የመቃወም ዕድል ይገባዋል ይላል። ተቃራኒ ወገን «ሃምዲ እኮ አፍጋኒስታን ነው የተያዘው» ይልሻል። ይበል! ያንቺ ሰው የተያዘው ኤርፖርት ነው፣ ለአንቺ ይሻላል።

ማሂ፦ ጋሼ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ፓዲላ ለጥርስ ሕክምና ሲወጣ ዓይኑን በጥቁር መነጽር፣ ጆሮውን በድምፅ መከላከያ ሸፍነው ያነሱትን ምስል ላሳይ?

አቤል፦ ችሎትሽ በ2004 ነው የሚታየው ካሉ አይሆንም፣ ምስሉ የወጣው በ2006 ነው። ብታሸንፊም ይለቀቃል ብለሽ አትከራከሪ፤ «ክሰሱት ወይ ልቀቁት» ነው የምትዪው። በኋላም የሆነው እንደዚያ ነው፣ በኖቬምበር 2005 ጉዳዩ ተመልሶ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሊደርስ ሲል መደበኛ ክስ መሠረቱበት፤ ሊያፈነዳ አሲሯል ተብሎ ያ ሁሉ ወሬ የተወራለት የጨረር ቦምብ ግን ክሱ ውስጥ የለም።