ክርክር፦ ማታ ማታ ሹፌር አስቁሞ ትንፋሽ መመርመር ተገቢ ነው?

መነሻ፦ በአዲስ አበባ ትራፊክ ፖሊስ ማታ መኪና እያስቆመ ሹፌሩ አልኮል መጠጣቱን ለማወቅ ትንፋሹን በመሣሪያ ይመረምራል። ምንም ያላጠፋም ይቆማል። ትደግፋላችሁ?

የሜትር ታክሲ ሹፌር፦ እኔ አልደግፍም። እንጀራዬ ሌሊት ነው፤ መጠጥ አልቀምስም። የጠጣውማ አነዳዱ ያስታውቃል፣ እሱን ያስቁሙት። ጤነኛውን ለምን ያሰልፉታል?

እግረኛ፦ ወንድሜ፣ አነዳዱ እስኪያስታውቅ ከተጠበቀ እኮ የሚያልፈው የእኛ ሕይወት ነው። እዚህ ከተማ በመኪና አደጋ ከሚሞተው አብዛኛው እግረኛ ነው። የሰፈራችን ልጅ ከሥራ ሲመለስ አስፋልት ዳር ተገጭቶ ቀረ። ሹፌሩ «ሁለት ቢራ ብቻ ነው» አለ። እናቱ ዛሬም ማታ ማታ በር ላይ ትቀመጣለች። አንተ አምስት ደቂቃ ብትሰለፍ ምን ትሆናለህ?

ነርስ፦ እህቴ ልክ ናት። «ሁለት ብቻ» የሚባለው ነገር አደገኛ ነው። የቢራው ጠርሙስ ላይ መጠኑ ተጽፏል። የጠላው፣ የጠጁ፣ የአረቄውስ? አንዱ ቤት የተጣለው ጠጅ ከሌላው ቤት እጥፍ ሊከብድ ይችላል። ሰው በብርሌ ቆጥሮ ራሱን ያታልላል። ቡና ጠጣሁ፣ ፊቴን ታጠብኩ የሚለውም አይሠራም። ጉበት የሚያጣራው በራሱ ጊዜ ነው፤ ሰዓታት ይፈልጋል። ሞቅ ያለው ሰው ደግሞ ደህና ነኝ ብሎ ያምናል። ለዚህ ነው መሣሪያ የሚያስፈልገው።

ሕግ ተማሪ፦ ወሰኑም ይታይ። በ2003 ዓ.ም. የወጣው የትራፊክ ቁጥጥር ደንብ ቁጥር 208/2003 ያስቀመጠው በአንድ ሊትር ደም 0.8 ግራም አልኮል ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ከ0.5 እንዳይበልጥ፣ ለጀማሪ ሹፌሮች ደግሞ ከ0.2 እንዳይበልጥ ነው። አውስትራሊያ ውስጥ ኒው ሳውዝ ዌልስ የተባለችው ግዛት ማንንም ሹፌር አስቁሞ መመርመር የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1982 ነው፤ የመንገድ ሞት ወዲያው ቀነሰ። ሰው የፈራው ቅጣቱን ብቻ አይደለም። ዛሬ ማታ እኔም ልመረመር እችላለሁ ብሎ ነው መኪናውን አቁሞ የሄደው። ስለዚህ ለእንቁጣጣሽና ለፋሲካ ሰሞን ብቻ መውጣት አይበቃም።

የሜትር ታክሲ ሹፌር፦ እሺ፣ የልጁ ነገር ልቤን ነክቶታል። ነፍስ ይማር። በመሣሪያ ከሆነ እቀበላለሁ። «አፍህ ይሸታል» ተብሎ በአፍንጫ መፈረድን ግን አልቀበልም። ቁጥሩን እኔም ልየው፣ ከተጠራጠርኩም ትንሽ ቆይቶ ይደገምልኝ። ገና አፉን ከመጠጥ ያነሳ ሰው እኮ መሣሪያው አብዝቶ ሊያነብበት ይችላል።

ነርስ፦ እውነት ነው፤ 15 ደቂቃ ጠብቆ መድገም ይገባል።

የሜትር ታክሲ ሹፌር፦ አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር። ቦሌና ካዛንቺስ ብቻ ከተቆመ አይረባም። ጎህ ሲቀድ ከከተማ የሚወጣው አይሱዙ ሹፌርስ? ማታ አረቄ ጠጥቶ ሦስት ሰዓት ተኝቶ የተነሳውን ማን ይመርምረው? እኔን የሚያስፈራኝ እሱ ነው።