ማህተም ያለባት የድሮ የሆላንድ ንድፍ፣ ልግዛት ወይስ ይቅርብኝ?

የሮተርዳሟ፦
ሰላም ቤቶች፣ የድሮ ስዕል የሚገባችሁ ካላችሁ እስቲ ምከሩኝ። አሮጌ ዕቃ የሚሸጥ አንድ ሰውዬ ጋ በቡናማ ቀለም የተነደፈች ትንሽ የወረቀት ስዕል አይቼ ልቤ እዛው ቀረ፣ ጀልባ፣ ሁለት ላሞች ምናምን፣ ጥጓ ላይ ደግሞ ፒ እና ኤል የሚል ከጥፍር የምታንስ ማህተም አለ። የ1600ዎቹ ናት ብሎ 400 ዩሮ ይላል፣ ከየት አመጣሃት ስለው ግን ከሟች ቤት ብሎ ዝም። ማህተሙ የሰዓሊው ነው እንዴ?

ወረቀትና ቀለም፦
አይ እህቴ፣ የሰብሳቢ ነው። ድሮ ንድፍ የሚሰበስቡ ሰዎች ጥግ ላይ ማህተም ይመቱ ነበር፣ ፍሪትስ ሉኽት የሚባል ሆላንዳዊ እነዚህን አንድ በአንድ ለቅሞ ቁጥር ሰጥቶ 1921 ላይ በመጽሐፍ አወጣቸው፣ አሁን ፓሪስ ያለው ፋውንዴሽኑ ኦንላይን በነጻ ለቆታል። የታወቀው ፒ ኤል ቁጥር 2092 ነው፣ የፒተር ሌሊ፣ የእንግሊዝ ቤተመንግስት ሰዓሊ የነበረው። ሰውየው 1680 ሞተ፣ ማህተሙ የተመታው ከሞተ በኋላ ስብስቡ ለጨረታ ሲዘጋጅ ነው። በብዛት የሰበሰበው ደግሞ የጣሊያን ስለሆነ የሆላንድ ላም ላይ ሳየው ትንሽ ጠረጠርኩ። የማህተሙን ቅርጽ ኦንላይን ካለው ፎቶ ጋር አመሳክሪው።

ዳኒ ቢ፦
ማህተም እኮ ማንም አስቀርጾ ይመታዋል። ወረቀቷን ወደ መብራት አንስተሽ እያት፣ የዛ ዘመን ወረቀት በሽቦ ወንፊት ስለሚሰራ ደቃቅ መስመሮች ጥቅጥቅ ብለው፣ የሚያቋርጧቸው ደግሞ ሁለት ሁለት ሴንቲ ተኩል እየተራራቁ ይታያሉ፣ እድል ካለሽ የወረቀት ሰሪው ምልክትም ይወጣል፣ ቃጭል ያለበት የአጫዋች ቆብ ወይ የአምስተርዳም ሶስት መስቀል። ምንም መስመር የሌለው ልሙጥ ወረቀት አውሮፓ የመጣው 1750ዎቹ ላይ ነው፣ ሌሊ ደግሞ መቃብር ሆኖ አይሰበስብም 😂
ማጉያ መነጽርም ያዢ። ፕሎስ ፋን አምስቴል የሚባል የ1700ዎቹ አምስተርዳሜ የድሮ ንድፎችን ቁጭ አስመስሎ ያትም ነበር። በእጅ ከሆነ ብዕሩ የቆመበት ቦታ ቀለሙ ይጠራቀማል።

እታለም፦
እኔ የሚያሳስበኝ ናዚዎች ስዕል ይዘርፉ በነበረበት ዘመን፣ ከ1933 እስከ 1945፣ የማን እንደነበረች ነው። ፍራንዝ ኮኒግስ የሚባል ሰብሳቢ ንድፎች እዛው ከተማሽ ቦይማንስ ሙዚየም ነበሩ፣ በጦርነቱ ከፊሉ ለሂትለር ሙዚየም ተሽጦ ሄደ፣ በኋላ ሶቪየቶች ወሰዱት፣ ዩክሬን 139ኙን የመለሰችው 2004 ላይ ነው። ያንቺ ከነሱ ናት እያልኩ አይደለም፣ ግን ሎስት አርት የሚባለውን በናዚ ዘመን የተወሰዱ ስዕሎች የተመዘገቡበትን የጀርመን ዳታቤዝ ፈትሺ፣ ዘሄግ ያለው የስነጥበብ ታሪክ ተቋም አር ኬ ዲም የሚመሳሰሉ ፎቶዎች በነጻ ያሳያል። ሰውየው ከማን እንደገዛ ደረሰኙ ላይ ይጻፍልሽ።

ጌች፦
ለ400 ዩሮ ይሄ ሁሉ ጣጣ? ደስ ካለችሽ ግዢያትና ስቀያት በቃ።

የሮተርዳሟ፦
ዛሬ ሄጄ ነበር፣ ዙሪያዋን ካርቶን ላይ ተለጥፋለች፣ መብራት አያሳልፍም። ልላጣት?

ዳኒ ቢ፦
ኧረ እንዳትነኪያት! ይሄ የወረቀት ጥገና ባለሙያ ስራ ነው፣ ክፍያውም ከስዕሏ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። በእጅ ባትሪ ከጎን አብሪባት፣ መስመሮቹ በጥላ ሊታዩሽ ይችላሉ። ሰውየውን ደግሞ ሌሊ ምናምን ሳትዪ ስም እንደሌላት የላም ስዕል ተከራከሪው፣ 150 ቢላት ጌች ያለው ይሁን፣ ብቻ ፀሐይ የሚመታው ግድግዳ ላይ አትስቀያት።