ሪከቨሪን ካልሲየም ጨምሬለትም ሜምብሬን ላይ አልጣበቅ አለኝ፤ ምን ልሞክር?

ብሌን (ጠያቂ)፦ ሰላም ለሁላችሁ። ለማስተርስ ሥራዬ ሪከቨሪን የሚባለውን የሬቲና (የዓይን ብርሃን ተቀባይ ክፍል) ፕሮቲን በኢ. ኮላይ ባክቴሪያ ውስጥ አምርቻለሁ። ካልሲየም ሲያገኝ ሜምብሬን (የሴል ሽፋን) ላይ መጣበቅ ነበረበት። ከሊፖዞም (ከቅባት ከተሠሩ ጥቃቅን አረፋዎች) ጋር ቀላቅዬ፣ ካልሲየም ጨምሬ ሴንትሪፊውጅ ሳደርገው ግን ፕሮቲኑ በሙሉ ከላይ ፈሳሹ ውስጥ ይቀራል። ጄል ላይ ንጹሕ ነው። ሂስ-ታጉ (ለማጥራት የተቀጠለው ጭራ) ኤን-ጫፉ ላይ፣ ማለትም የፕሮቲኑ መጀመሪያ ላይ ነው። ምን ጎደለው? ደግሞስ አራት ኢኤፍ-ሃንድ (ካልሲየም መያዣ ቅርጾች) እያለው ለምን ሁለት ካልሲየም ብቻ ይይዛል?

አቢ፦ ብሌንዬ፣ የጎደለው ቅባቱ ነው። ዓይን ውስጥ የሪከቨሪን የመጀመሪያው ግላይሲን ላይ ፋቲ አሲድ ይለጠፋል፤ ላብ ውስጥ ባለ 14 ካርቦኑን ሚሪስቲክ አሲድ እንጠቀማለን። ኢ. ኮላይ ይህን የሚለጥፍ ኢንዛይም የለውም። ስለዚህ የኤን-ሚሪስቶይልትራንስፈሬዝን (ቅባቱን የሚለጥፈውን ኢንዛይም) ጂን በሌላ ፕላዝሚድ (ጂን ተሸካሚ ክብ ዲኤንኤ) አብረሽ አስገቢ። ኢንዳክሽን (ባክቴሪያው ፕሮቲኑን እንዲያመርት ማነሣሣት) ከመጀመርሽ በፊት ሚዲያው ላይ ሚሪስቲክ አሲድ ጨምሪ። ታጉን ግን ከኤን-ጫፉ አንሺው፤ ግላይሲኑ ከፊት ካልተገኘ ኢንዛይሙ አይነካውም። ያለ ታግም ይጠራል፦ ካልሲየም ሲኖር ፌኒል ሴፋሮዝ (ውኃ የማይወዱ ፕሮቲኖችን የሚይዝ የማጥሪያ ሙሌት) ላይ ይያዛል፣ ካልሲየምን በሚነጥቀው ኢጂቲኤ ይወርዳል።

የጣና ልጅ፦ አቢ ልክ ነው። እኔ ስለ ቅርጹ ልጨምር፤ እዚህ ፕሮቲን ላይ በጣም የምወደው ነገር ስለሆነ። ካልሲየም ከሌለ ቅባቱ በፕሮቲኑ የመጀመሪያ ግማሽ ውስጥ ውኃ በማይወድ ጉድጓድ ተሸጉጦ ይቀመጣል። ሁለት ካልሲየም ሲገቡ ሁለቱ ግማሾች አንዱ ከሌላው አንጻር 45 ዲግሪ ያህል ይዞራሉ። ጉድጓዱ ይከፈትና ቅባቱ ወጥቶ ሜምብሬኑ ውስጥ ይሰካል። ፕሮቲን ዳታ ባንክ ላይ 1አይኬዩ (ያለ ካልሲየም) እና 1ጄኤስኤ (ከካልሲየም ጋር) የተባሉትን ስትራክቸሮች ጎን ለጎን ክፈቻቸው፤ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ካልሲየም የሚይዙት 2ኛውና 3ኛው ኢኤፍ-ሃንድ ናቸው። 1ኛውን፣ ቦታ 39 ላይ ያለው አሚኖ አሲድ ሲስቴይንና ቀጥሎት ያለው ፕሮሊን አበላሽተውታል። 4ኛው ደግሞ በውስጡ ባለ ሶልት ብሪጅ (በተቃራኒ ቻርጆች መሳሳብ) ተዘግቷል።

ቅባቱም ዝም ብሎ የተንጠለጠለ ጭራ አይደለም። ካልሲየም አያያዙን ራሱን ይለውጣል። ያለ ቅባት አንደኛው ቦታ በ0.1 ማይክሮሞላር አካባቢ፣ ሌላኛው በ7 አካባቢ ለየብቻ ይይዛሉ። ቅባቱ ሲኖር ግን ወደ 17 ማይክሮሞላር ያስፈልጋል፤ ሁለቱም ተጋግዘው ይይዛሉ። ስለዚህ በካልሲየም አትሰስቺ፣ ለሙከራው 1 ሚሊሞላር አድርጊ።

መምህርት ሰ.፦ ልጄ፣ ባፈርሽ ፎስፌት ከሆነ ቀይሪው። ከካልሲየም ጋር ነጭ ዝቃጭ ይሠራና ውጤትሽን ያምታታል። ትሪስ ወይም ሄፔስ ይሻላል። አንድ ቱቦ በካልሲየም፣ አንድ በኢጂቲኤ፣ አንድ ደግሞ ያለ ሊፖዞም ሥሪ። አሁን በእጅሽ ያለውን ፕሮቲን አትጣዪው፤ ቅባት አልባ ኮንትሮል ይሆንሻል።

ሥራውንም አትርሺ። ጨለማ ውስጥ፣ ካልሲየም ከፍ ሲል፣ ሪከቨሪን ሮዶፕሲን ካይኔዝን (ብርሃን ተቀባዩ ፕሮቲን ሮዶፕሲን ላይ ፎስፌት የሚለጥፈውን ኢንዛይም) ይዞ ሥራውን ይገታል። ብርሃን ሲመጣ ካልሲየም ይወርዳል፣ ካይኔዙ ይለቀቃል፣ ሮዶፕሲንን ፎስፎሪሌት አድርጎ ማጥፋት ይጀምራል።

ብሌን፦ እግዜር ይስጥልኝ! ቅባቱ መለጠፉን በምን ልወቅ?

አቢ፦ በማስ ስፔክትሮሜትር። ከተለጠፈ ክብደቱ በ210 ዳልተን ይጨምራል። ሁለት ፒክ ካየሽ ግማሹ ሳይለጠፍበት ቀርቷል ማለት ነው፤ በሪቨርስ ፌዝ ኤችፒኤልሲ ይለያያሉ። በቀጣዩ ዙር ሚሪስቲክ አሲዱን ቀደም አድርገሽ ስጪው።