ክርክር፦ አዲሱን ማዕበል የጀመረችው አኜስ ቫርዳ ናት?

ጠያቂዋ፦ አዲሱ ማዕበል የተባለው የፈረንሳይ ዳይሬክተሮች የፊልም ንቅናቄ ሲነሳ ሁላችሁም በትሩፎና በጎዳር ትጀምራላችሁ። የትሩፎ የመጀመሪያ ረጅም ፊልም የወጣው በ1959 ነው፣ የጎዳር በ1960። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ዳይሬክተሯ ቫርዳ ግን የመጀመሪያ ፊልሟን ቀረጻ በ1954 ጨርሳ ነበር። ታዲያ ጀማሪዋ እሷ አይደለችም?

የፊልም ተማሪው፦ አይመስለኝም። አንድ ፊልም ቀድሞ ስለተሠራ ብቻ ንቅናቄ ተጀመረ አይባልም። እነ ትሩፎ ካሜራ ያነሱት ለዓመታት በመጽሔት ሲሟገቱ ቆይተው ነው። የሷን ፊልም ደግሞ በጊዜው ያየው ሰው ጥቂት ነው።

አርታኢዋ፦ ሕዝቡ አላየውም ይሆናል፤ ሃያሲዎቹ ግን አይተውታል። ለትሩፎ እንደ አባት የነበረው አንድሬ ባዛን አድንቆ ጽፎለታል። እስቲ አሠራሩን ተመልከት። ስቱዲዮ የለም። ቦታው ላ ፑዋንት ኩርት የተባለ የዓሣ አጥማጆች ሰፈር ነው። ከሁለት ባለሙያ ተዋንያን ጋር የሰፈሩ ሰዎች ራሳቸው ይታያሉ። ብር ስላልነበረ ሠራተኞቹ በማኅበር ተደራጅተው ሠሩ። ኤዲት ያደረገው አላን ሬኔ ነው። ኋላ ወንዶቹ የተጨበጨበላቸው በዚሁ መንገድ አይደል?

ጠያቂዋ፦ እኔን የሚያንገበግበኝ "የአዲሱ ማዕበል አያት" መባሏ ነው። የተወለደችው በ1928 ነው። ጎዳርን የምትበልጠው በ2 ዓመት ብቻ ነው። ከነሱው አንዱ ሮሜር ደግሞ እሷን በ8 ዓመት ይበልጣታል! ገና በወጣትነቷ አያት ማለት አክብሮ ጥግ ማስያዝ ነው።

የፊልም ተማሪው፦ እዚህ ላይ እሺ፣ ተረትቻለሁ። ግን ቀደመች አልቀደመች እያልን ቀሪውን ሥራዋን ረሳነው። በ1985 እኮ የቬኒስ ፊልም ፌስቲቫልን ትልቁን ሽልማት፣ ወርቃማውን አንበሳ፣ ወስዳለች።

አርታኢዋ፦ ከሽልማቱ በላይ እኔን የያዘኝ ገመዱ ነው። በ1970ዎቹ አጋማሽ ትንሽ ልጅ ነበራት፤ ከቤት ርቃ መሄድ አትችልም። ከቤቷ የኤሌክትሪክ ገመድ ዘረጋች። ገመዱ እስከደረሰበት ድረስ ያሉትን ጎረቤቶቿን ቀረጸች፦ ዳቦ ጋጋሪውን፣ ሥጋ ሻጩን፣ ልብስ ሰፊውን። እኔም ልጅ ይዤ ነው ኤዲት የማደርገው፤ ያንን ፊልም ሳይ አለቀስኩ።

ጠያቂዋ፦ ሰባ ካለፋት በኋላም አላቆመችም። በትንሽ ዲጂታል ካሜራ፣ በአንድ እጇ ይዛ፣ የተጨማደደውን ሌላ እጇን በቅርብ ቀርጻለች።

የፊልም ተማሪው፦ በንቅናቄው ጉዳይ አቋሜ ያው ነው። የገመዱን ፊልም ግን ዛሬ ማታ አየዋለሁ።